«ጽንሱ እንዲያድግልኝ ምን ልብላ?» ለምትሉኝ

ስልኬ ላይ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ራሷ ያረገዘች፣ ምራቷ ያረገዘችላት፣ ሚስቱ ያረገዘችለት፣ ሁሉም «ሲስተር፣ ጽንሱ እንዲፋፋ ምን ይበላ?» ይሉኛል። የሆነ የታሸገ ዱቄት ወይም ውድ ቫይታሚን እንድጠራላቸው ነው የሚጠብቁት። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቡና የምትጠጪው ስንት ሰዓት ነው? ውሃ ማን ይቀዳልሻል? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ መጣ?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ነበረች። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ልጅ ክብደቱ አነስተኛ ነው ይባላል። ይህንን ለስንት እናት ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ እንግዲህ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

መጀመሪያ ቀኑን ያዢ

ምግቡ ይቆየን። ጽንስ አነሰ ወይም ደህና ነው የሚባለው በዕድሜው ነው። ዕድሜው ካልታወቀ እኔም ሜትሬም ዕውር ነን።

ሜትር ስል የልብስ ሰፊ ሜትር ማለቴ ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባሽ አስተኝተን፣ ከብልት በላይ ካለው አጥንት ጀምረን እስከ ማህፀኑ አናት እንለካለን። ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ጋር ይቀራረባል። በ28 ሳምንት 28 ገደማ፣ በ32 ሳምንት 32 ገደማ። ሁለት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አያስደነግጥም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከጎደለ ወይም ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምንም ካልጨመረ ወደ አልትራሳውንድ እንልካለን።

አንድ የግንቦት ልደታ ዕለት አንዲት ልጅ ከአማቷ ጋር መጣች። ከጮቄ ተራራ ሥር ነው የመጡት፤ ንፍሮ በፌስታል ይዘውልኛል። «ወሬ ገብቷል ሲስተር» አለችኝ። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስላት «የፍልሰታ ጾም ሲፈታ» አለች። ነሐሴ 16 ማለት ነው፤ 37 ሳምንት አልፏታል። ሜትሩ 33 አለ። ደግሜ ለካሁ። 33። የልጁን ልብ አዳመጥኩ፤ ደህና ይመታል። በሆዴ «ይሄ ልጅ አላደገም» እያልኩ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ።

አማትየው ጋቢያቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ድንገት «የምን ፍልሰታ ነው!» አሉ። «ለመስቀል ቤት ስንለቀልቅ አይደል እንዴ ወገቤን ብለሽ፣ መጣብኝ ብለሽ የተኛሽብኝ?» ልጅቷ ትንሽ አሰበችና አፏን ያዘች። ቁጭ ብለን ቆጠርን። መስከረም 10 ገደማ ላይ አረፈ። ከመስከረም 10 እስከ ግንቦት 1 ስትቆጥሩት 231 ቀን ነው፤ 33 ሳምንት ልቅም ያለ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ የተሳሳተው ቀኑ ነበር።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ በሳቅ አያልቅም። አንዳንዴ ቀኑ ልክ ሆኖ ያነሰው ልጁ ነው። ሁለቱን የምንለየው መጀመሪያ ላይ ከመጣሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የወር አበባሽ የቀረ ለታ ያለፈው የመጣበትን ቀን ጻፊው። መጻፍ ካልቻልሽ ከበዓል ጋር እሰሪውና ለአንድ ሰው ንገሪ፤ አማትም ብትሆን።

የመውለጃ ቀንሽን ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። በእኛ ዘመን አቆጣጠር እንደውም ይቀላል። የወር አበባሽ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ደምሪ። መካከል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን 9 ወር ከ5 ቀን ብቻ፤ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ከሆነ ከ4 ቀን። መስከረም 10 የመጣባት ሰኔ 20 ትጠብቃለች። ጥር 10 የመጣባት ጳጉሜን ስለምታልፍ ጥቅምት 15።

የመጀመሪያው ምርመራ 12 ሳምንት ሳይሞላ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ እስክትወልጂ በጠቅላላው 8 ጊዜ እንድትታዪ ነው የሚመከረው። ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መነሳትም ዕድሜውን በደንብ ይናገራል። እኛ አገር እርግዝና እስኪገፋ ይደበቃል፤ ዓይን ይፈራል። አልቃወምም። ለጎረቤት አትንገሪ። ለእኛ ግን ንገሪን፤ ካርድሽን የሚያይብሽ የለም።

ቀይዋ ኪኒን እና የእኔ ጥፋት

በነጻ የምትሰጠዋን የአይረን ኪኒን ብዙ ሰው ይንቃታል። ውስጧ 60 ሚሊግራም አይረን እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለ። አይረኑ ደም ይሠራል፤ ለጽንሱ ኦክስጅን የሚያደርሰው ያ ደም ነው። ፎሊኩ ለልጁ አከርካሪና አንጎል ነው። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በተጸነሰ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ ለማርገዝ ካሰብሽ ፎሊክ አሲድ ከወዲሁ ጀምሪ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ቡና፣ ጠዋት ከተረኝነት ስወጣ ቡና፣ ቤት ስደርስ ጎረቤት አፍልታ ስትጠራኝ ቡና። ኪኒኔን የምውጣት ደግሞ ከአቦሉ ጋር ነበር፤ እንዳልረሳት ብዬ። ምሳዬ ብዙ ቀን ቆሎ ነው። ቡናም ሻይም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ይህንን ለእናቶች በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ። ለራሴ አንድ ጊዜም አልተናገርኩም።

በ32 ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ በግድ አስተኝታ ለካችኝ። 28 ሴንቲሜትር። የደሜን መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚባለውን፣ አየችው፤ 9 ነጥብ 4። ነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነች ደም ማነስ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ያነሰችው በቡናው ብቻ ነው አልልም፤ እንቅልፉም ድካሙም አለበት። ግን ከሁሉም ለማስተካከል ቀላል የነበረው እሱ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ኪኒኗን ማታ ስትተኚ ዋጪያት፤ ማቅለሽለሹን ተኝተሽ ታልፊዋለሽ። በውሃ ላይ ሎሚ ጨምቀሽ ወይም ከብርቱካን ጋር ብትወስጃት ይበልጥ ትሠራለች። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ። ሆድ ድርቀት ካመጣብሽ ውሃና ጎመን አብዢ እንጂ አታቋርጪ። «ልጁን ያገዝፈውና ምጥ ይከብድሻል» የሚሉሽን አትስሚ። ቡናውን ሙሉ በሙሉ ተዪ አልልሽም፤ ጎጃም ውስጥ እንደዚህ ያለ ምክር የሚሰማኝ የለም። ከምግብ አንድ ሰዓት ራቅ አድርጊው፤ ከሁለት ሲኒ አትለፊ። ቶናው ላይ ተነሺ።

መሶቡ ላይ ያለው ይበቃል

በ20 ሳምንት ጽንሱ 300 ግራም ገደማ ነው። በ28 ሳምንት 1 ኪሎ ገደማ። ከዚያ እስኪወለድ ባሉት ሦስት ወራት ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምራል። መጨረሻ ላይ የሚርብሽ ለዚህ ነው፤ አታፍሪ።

ደንቡ ቀላል ነው። እስካሁን ከምትበዪው ላይ በቀን አንድ ጊዜ ጨምሪ። ጡት ማጥባት ስትጀምሪ ሁለት ጊዜ ይሆናል። «ለሁለት ሰው ብዪ» ሲባል እጥፍ ማለት አይደለም፤ አንድ እንጀራ በወጥ፣ ወይም አንድ ሰሃን ገንፎ፣ ወይም ድንች ከእንቁላል ጋር ይበቃል። ጨጓራሽ በልጁ ከተጣበበ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ ብዪ።

ምኑን ነው የምንጨምረው? ያለንን። ጤፋችን አይረን አለው፤ ሊጡ ቦክቶ ሲጋገር ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። በሜጫና በዳንግላ በኩል ያላችሁ ዳጉሳ አትናቁ። ከሌሎቹ እህሎች በካልሲየም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ካልሲየም የልጁ አጥንት ነው። ዳጉሳ ለጠላ ብቻ የሚታያችሁ ሰዎች ያናድዱኛል። የዳጉሳ ገንፎ ለነፍሰ ጡር ከየትኛውም የታሸገ ነገር አያንስም። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር ለሥጋ ግንባታ ነው። ግብጦም ጥሩ ነው፤ ተቆልቶ፣ ቀናት በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው እየተቀየረ ምሬቱ ከወጣለት ነው ግን። የሚመር ግብጦ አትብዪ። ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ መክረም እግር ይይዛል፤ ከሌላ እህል ጋር አቀላቅሉት። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ያላችሁ ዓሣ አላችሁ፤ ዕድለኞች ናችሁ፣ በደንብ አብስላችሁ ብሉት። ጎመኑን አታንፍሩት፤ ውሃው ሲደፋ ብዙ ነገር አብሮ ይደፋል።

ጨው ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ አገር እንቅርት ድሮም የነበረ ነው፤ የአያቶቻችሁን አንገት አስታውሱ። አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አንጎሉ ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አይሁን። ወጡ ላይ ሲወጣ ጨምሩት፤ ከመጀመሪያው ከተንተከተከ አዮዲኑ ይተናል።

እንቁላል፣ ሙዝ፣ ተልባ፣ ገንፎ እንዳትበላ የተከለከለች ስንት ነፍሰ ጡር አይቻለሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል።» ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅ ሲወለድ ገላው ላይ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ቅቤ የመሰለ ነገር ይኖራል። ሴቶቹ እሱን አይተው «ይኸው ገንፎው» ይላሉ። አንዴ ያዋለድኳት ሴት እናት ልጁን ገና ሳልጠርገው በጣታቸው ነካ አድርገው «ሙዝ በልታ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልበላችም፤ ከልክለዋት ነበር። ያ ነጭ ነገር የልጁ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው ቅባት ነው፤ ዘጠኝ ወር ውሃ ውስጥ ሲኖር ቆዳው እንዳይጎዳ። እናትየው የምትበላው ወደ ሆዷ ነው የሚሄደው። ማህፀን ሌላ ቤት ነው፤ ምግብ የሚደርሰው በደም፣ በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው።

በዚህ በኩል የምከለክለው ጥሬ ሥጋ እና ያልፈላ ወተት ነው። ቁርጥ ያማረሽ ታገሺ፤ አራስ ቤት ሆነሽም ቢሆን ጥብስ ይሻልሻል።

ጾምን በተመለከተ እኔ ቄስ አይደለሁም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእርግዝና ውስጥ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ሄደሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ እስካሁን «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብላ ሄዳ «ጹሚ» ተብላ የመጣች አላጋጠመችኝም። የሚያስጾማት አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። ከሥጋና ከወተት ብትከለከዪ እንኳ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ አትዋዪ፤ ጠዋት ብዪ፣ ሽሮና ምስሩን አብዢ።

ምግብ ያልሆነው ምግብ

ከጽንስ ላይ የሚሰረቅ ነገር አለ። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት የበላችውን እዚያው ታቃጥለዋለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛ ከወፍጮ ቤት ጤፍ ተሸክማ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘኋት ልጅ አለች። ባሏ ከኋላዋ በቅሎ እየነዳ ነው። በቅሎዋ ባዶ ናት! «ምን ነካህ?» ብለው «አመመኝ አላለችም» አለኝ። ባሎች፣ አመመኝ አትላችሁም። ሸክሙን ውሰዱ። ቀን ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ጋደም ማለቷን እንደ ስንፍና አትዩባት፤ ልጁ የሚበላበት ሰዓት ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ጭስም እንደዚያው ነው። በጭስ የታፈነ ቤት ውስጥ ስትጋግር የምትውል እናት የምትወልደው ልጅ ክብደቱ ይቀንሳል። ምድጃው ይቀየር፤ ካልሆነ በር ይከፈት፤ ከተቻለ እህት ወይም ምራት ትጋግርላት።

ፍኖተ ሰላም፣ ጃቢ ጠህናን፣ ዓባይ በረሃ ያላችሁ አጎበሩን አውርዱና ተኙበት። የወባ ተውሳክ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸግና የልጁን ምግብ ይዘጋበታል። ለእህል ማስጫ ያደረጋችሁት አጎበር ካለ አውቃለሁ፤ አይቻለሁ።

የሆድ ትል መድኃኒት ከሦስት ወር በኋላ ከእኛ ትወስጃለሽ። ኮሶ ግን በጭራሽ! የኮሶ ቀን ደረሰ ብሎ ጽንስ ያስወረደ ስንት ቤት አለ። አረቄም ጠላም ይቅርብሽ። «ትንሽ ጠላ ደም ይሆናል» የሚል አዛውንት በየቤቱ አለ፤ በትሕትና «እሺ አባባ» በይና ለጎንሽ ሰው አቀብዪው።

እኛ ጋ ስትመጪ

ክንድሽን በባለ ቀለም ሜትር እንለካለን። ዙሪያው ከ23 ሴንቲሜትር ካነሰ ምግብ ጎድሎብሻል ማለት ነው፤ የሚደረግልሽ ድጋፍ አለ። የደም ግፊት፣ ሽንት፣ የደም መጠን፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ እናያለን። ግፊት ከፍ ያለባት እናት ልጅ በደንብ ላያድግ ይችላል፤ «ምንም አላመመኝም» ብለሽ አትቅሪ፣ ግፊት አያምም።

የደም ዓይነትሽንም ጠይቂ። ሾተላይ የሚባለው ርግማን አይደለም። ያንቺ ደም አር ኤች የሚባለው ነገር የሌለው (ኔጌቲቭ)፣ የልጁ ያለው (ፖዘቲቭ) ሲሆን የሚመጣ ነው፤ ሰውነትሽ የሚቀጥለውን ልጅ ደም እንደ ጠላት ያጠቃል። በ28 ሳምንት እና ከወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለው። ተከታትለው ልጅ የሞተባቸውን ሴቶች ጠበል ለጠበል ሲያንከራትቱ ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው። ጠበሉን ሂጂ፤ ደምሽንም አስመርምሪ።

የልጁን እንቅስቃሴ ደግሞ አንቺ ነሽ ሐኪሙ። የመጀመሪያ ከሆነ በ20 ሳምንት ገደማ ይሰማሻል፤ የወለደች ቀደም ብሎ ይሰማታል። ከ28 ሳምንት በኋላ በየቀኑ፣ በተለይ ከበላሽ በኋላ፣ በጎንሽ ተኚና ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ካልነካሽ ወይም ከወትሮው ከቀነሰ ያኔውኑ ነይ። «ዛሬ ተኝቶ ነው» አትበዪ። ስትተኚም በጎንሽ ይሁን፤ በጀርባ ስትተኚ የማህፀኑ ክብደት ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል።

ደም ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን ከፈለጠሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ቀጠሮ አትጠብቂ። አምቡላንስ የሚጠራበትን ስልክ አሁኑኑ ከጤና ኬላው ተቀብለሽ በር ላይ ለጥፊው።

ያቺ የግንቦት ልደታዋ ልጅ ከመንገድ ራቅ ስለምትል ሰኔ መጀመሪያ ላይ መጥታ እናቶች ማቆያ ገባች። እንደሷ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ወይም ክረምቱ ወንዝ የሚሞላብሽ ከሆነ አንቺም ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀርሽ ግቢ። ጋቢ፣ የልጅ ልብስ፣ ካርድሽን ያዢ። ሰኔ 17 ወለደች። ሚዛኑ 3 ኪሎ ከ100 አለ። አማትየው ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና ከመቀነታቸው ፈተው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጡ። ገንፎውን እኛ ማቆያው ውስጥ እናገነፋለን፤ ቅቤው ግን ከየቤታችሁ ነው።